የሕንፃ ዕቃ ሙሉ ዋጋ

በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ስለ ግንብ ሠሪው የተነገረው ምሳሌ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላደገ ሰው ሁሉ የታወቀ ነው። ያ ሰው መዘባበቻ የሆነው ሥራውን ከጀመረ በኋላ ገንዘቡ ስላለቀበት ነው። በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ዛሬ ለመንግሥት ሹማምንትም ለካህናትም አሳብ የሚሆነው ጉዳይ ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ አዲሱም ቤተ ክርስቲያን ይጀመራል፤ ይፈጸማል፤ እንግዶች ተጠርተው ይመረቃል፤ ሒሳቡም ተዘግቶ ሰነዱ ወደ መዝገብ ቤት ይገባል። ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ጣራው ማፍሰስ፣ ልስኑ መርገፍ፣ የውሃ መሳቢያው ሞተርም መለዋወጫ አጥቶ መቆም ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ገንዘብ አምጣ ተብሎ የሚጠየቀው ዕቃውን የገዛው ሰው አይደለም፤ እርሱ ወይ ተዛውሮ ሄዷል፣ ወይ ጡረታ ወጥቷል። የሚጠየቀው በስፍራው የተገኘው ርእሰ መምህር ወይም የደብሩ አስተዳዳሪ ነው፤ እርሱም ለዚህ የተመደበ ገንዘብ የለውም።

የዕቃ ዋጋ ማለት በግዢው ቀን በደረሰኝ ላይ የተጻፈው ቍጥር ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ደረሰኙ ግን የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ክፍያ ነው። ዕቃው ከመጋዘን እስከ ስፍራው የሚጓጓዝበት፣ የሚተከልበት፣ የሚበላው ነዳጅ ወይም ኤሌክትሪክ፣ የሚጠረግበትና የሚቀባበት፣ የሚጠገንበት፣ ተበላሽቶ በቆመበት ወራት ሥራው የሚታጐልበት፣ በመጨረሻም ፈርሶ ከስፍራው የሚነሣበት ወጪ ሁሉ የዋጋው ክፍል ነው። ካረጀ በኋላ ፍርስራሹ ተሸጦ የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። የምህንድስናና የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ሁሉ በአንድነት የዕድሜ ልክ ወጪ ብለው ይጠሩታል። በአሜሪካ ይህ አሳብ ለመከላከያ መሣሪያዎች ግዢ በጥናት ተጽፎ የወጣው በ1957 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያም ወደ ሕንፃ ሥራ ተሻግሮ፣ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2000 ዓ.ም. ለሕንፃዎች የሚሆን ልዩ ደረጃ አወጣለት። የአውሮፓ ኅብረትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ባወጣው የግዢ ሕግ መንግሥታዊ ገዢዎች ጨረታን በዚህ ሒሳብ መዝነው እንዲፈርዱ ፈቅዷል።

ስሙ ከውጭ ይምጣ እንጂ ነገሩ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። ቍም ጸሓፊ በብራና የጻፈው መጽሐፍ ለአንድ ቅጂ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይፈጅ ነበር፤ ቆዳውን መፋቅና መወጠር፣ ቀለሙን መበጥበጥ፣ መጻፉም የወራት ድካም ነበር። ይህን ያህል ወጪ የወጣበት መጽሐፍ ግን ከአራትና ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ በቅዳሴ ጊዜ ይነበባል። የደጋ ገበሬም ቤት ሲሠራ ለቋሚው ጥድ ወይም ወይራ የሚፈልገው፣ እንጨቱን ከሩቅ ማምጣት ሳያደክመው ቀርቶ አይደለም። በቅርብ የቆረጠው ቀጭን እንጨት ሥሩ በስብሶ ቤቱ እንደሚያዘምበት፣ ያን ጊዜም ግድግዳውን አፍርሶ እንደገና መምረግ እንደሚኖርበት ከአባቱ ስለ ተማረ ነው። በወረቀት ላይ አልጻፈውም እንጂ የዕድሜ ልክ ወጪን ቈጥሯል።

በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ50 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ርቀት ላይ አዲስ ዓለምን መቈርቈር የጀመሩት፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እያለቀ በመሄዱ ነበር። ከተማ ቤተ መንግሥትና ቤት ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ እንጨት ይበላል። እንጨቱ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ፣ ከተማውን ለማኖር የሚወጣው ወጪ ከተማውን ለመሥራት ከወጣው ይበልጣል። ንጉሠ ነገሥቱም ይህን አይተው መናገሻቸውን ወደ እንጨቱ ሊያዛውሩ አሰቡ፤ በአዲስ ዓለምም ሕንፃ ተጀመረ፤ መንገድም ተጠረገ። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ገደማ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ መሆኑ ታወቀ። መናገሻን ከማዛወር ይልቅ እንጨቱን ወደ መናገሻው ማምጣት፣ ይኸውም በስፍራው መትከል፣ የሚረክስ ሆኖ ተገኘ። አዲስ አበባ በዚህ ምክንያት በቦታዋ ጸናች፤ በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ደብረ ጽዮን ማርያም ተባለ። (ባሕር ዛፍ ራሱ ውሃና አፈር የሚያስከፍለው ዋጋ እንዳለው የታወቀው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው፤ ይህም ሒሳብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አለመሆኑን ያሳያል።)

ወደ ዛሬው የግንባታ ሥራ ሲመለሱ፣ የምዕራብ ሸዋ ምድር ራሱ ለገዢው ብዙ የሚነግረው ነገር አለው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጊንጪ በጥቁር መረሬ አፈሯ የታወቀች ናት፤ የግብርና ሊቃውንትም ስለዚህ አፈር ለብዙ ዓመታት ምርምር ያደረጉት በዚያ ነው። መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የተሠራ ቤት መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በመስኮትና በበር ማዕዘን ላይ የሚታየው ሰያፍ ስንጥቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ገንዘብ ለመቈጠብ ሲባል የመሠረቱን ቍፋሮ በአንድ ክንድ ያሳጠረ ሥራ ተቋራጭ፣ በጨረታው ቀን ረክሶ ይታያል። የእርሱ ቍጠባ ግን ስንጥቁን በየዓመቱ በሲሚንቶ ለሚደፍነው፣ በሩ አልዘጋ ሲለው አናጺ ለሚጠራው፣ በመጨረሻም ግድግዳውን አፍርሶ ለሚሠራው መሥሪያ ቤት የተላለፈ ዕዳ ነው። መሠረትን ጠንካራው መሬት እስኪገኝ መቈፈር፣ ወይም ጥቁሩን አፈር አውጥቶ የተመረጠ አፈር መሙላት፣ በግድግዳውም ዙሪያ ውሃ የሚመልስ ወለልና ቦይ ማበጀት የሚቻለው በመጀመሪያው ቀን ነው። ቤቱ ከቆመ በኋላ ከሥሩ ገብቶ ይህን ማድረግ እጅግ ውድና አደገኛ ነው።

በአምቦ ደግሞ ጉዳዩ ከውሃው ይመጣል። ከምድር የሚፈልቀው የአምቦ ማዕድን ውሃ በጠርሙስ እየተሞላ መሸጥ ከጀመረ ከ1922 ዓ.ም. ወዲህ የከተማውን ስም በአገሩ ሁሉ አስጠርቷል። ነገር ግን ለጠጪ ደስ የሚያሰኘው ጋዝ ለብረትና ለሲሚንቶ ወዳጅ አይደለም። ጋዙ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ቀላል አሲድ ይሆናል፤ ይህም አሲድ የብረት ቧንቧን ያዝጋል፣ በሲሚንቶ ውስጥ ያለውን ኖራም ቀስ በቀስ ያጥባል። ውሃው በሚሞቅበትና ጋዙ በሚለቀቅበት ስፍራ ደግሞ በውሃው ውስጥ የነበረው ማዕድን ነጭ ቅርፊት ሆኖ በማሞቂያውና በቧንቧው ውስጥ ይጋገራል። የአምቦ ውሃ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ የወንዙና የማዕድኑ ውሃ ይለያያል። ስለዚህ ለሆቴል፣ ለሆስፒታል ወይም ለትምህርት ቤት ቧንቧ የሚገዛ ሰው ውሃው ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ፣ ከዚያም አስመርምሮ ብረት ወይም ፕላስቲክ ብሎ መወሰን አለበት። ፕላስቲኩም ፀሓይ ሲያገኘው ስለሚሰባበር መቀበር ይኖርበታል። የምርመራው ወጪ ግድግዳ ተሰብሮ ቧንቧ ከሚለወጥበት ወጪ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከአምቦ ጉደርን፣ ከዚያም ጌዶን አልፎ ወደ ባኮ ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፤ ከደጋው ቅዝቃዜ ወጥቶ ምስጥ ወዳለበት አገር ይገባል። በምዕራብ ሸዋ ዳርቻ በባኮ አካባቢ ምንም ያልተቀባ የባሕር ዛፍ ቋሚ መሬት ውስጥ መትከል ምስጥን መቀለብ ነው። በደጋው በጄልዱ ብዙ ዓመት የሚቆይ የእንጨት ቤት በባኮ ያን ያህል አይቆይም። እንግዲህ ለዞኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ፕላን ተሥሎ፣ አንድ ዓይነት የዕቃ ዝርዝር ወጥቶ፣ አንድ ዓይነት ጨረታ መከፈቱ ለጸሓፊው ሥራ ያቃልል ይሆናል፤ ለሕንፃው ግን አይበጅም።

ስለ ጣራ ጥቂት መቆየት ይገባል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በገበያ የቆርቆሮ ውፍረት የሚነገርበት የጌጅ ቍጥር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። 28 ቍጥር ከ32 ቍጥር ይወፍራል፤ 35 ቍጥር ከሁለቱም ይሳሳል። ከውፍረቱም ሌላ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ ነው፤ በአንድ ዓይነት አየር ውስጥ ልባሱ እጥፍ ቢሆን ዕድሜውም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ይህ ልባስ በዓይን አይታይም። ሁለት ቆርቆሮዎች በመደብር ውስጥ ጎን ለጎን ሲቆሙ እኩል ያበራሉ። ስለዚህ በጨረታ ሰነድ ላይ ቆርቆሮ ብሎ ጽፎ ውፍረቱንና የልባሱን መጠን ሳይጽፍ የሚተው ባለሥልጣን፣ ነጋዴው የሚሳሳውን እንዲያቀርብ በገዛ እጁ ፈቅዷል።

ሒሳቡን ለማየት ምሳሌ ይወሰድ። ለአንድ ትምህርት ቤት ስሱ ቆርቆሮ 100 ሺህ ብር፣ ወፍራሙ 160 ሺህ ብር ቢፈጅ፤ ስሱ በየ10 ዓመቱ የሚለወጥ፣ ወፍራሙ 30 ዓመት የሚቆይ ቢሆን፤ በ30 ዓመት ውስጥ ስሱ ሦስት ጊዜ ተገዝቶ 300 ሺህ ብር ይሆናል። ወፍራሙ እንደሚረክስ ወዲያው የታየ ይመስላል። ነገር ግን ሒሳብ ዐዋቂ እዚህ ላይ ያስቆማል። ከ10 ዓመት በኋላ የሚከፈል ብር ዛሬ ከሚከፈል ብር እኩል አይደለም፤ ዛሬ የተረፈው ገንዘብ በመቶ 10 ወለድ ቢያስገኝ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ለሚፈለገው 100 ሺህ ብር ዛሬ ማስቀመጥ የሚገባው 38 ሺህ ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ለሚፈለገው ደግሞ 15 ሺህ ያህል ይበቃል። እንዲህ ሲሆን የስሱ ጣራ ድምር 153 ሺህ ብር ገደማ ሆኖ ከወፍራሙ ይረክሳል!

ስሱን ለመግዛት የሚቸኩል ሰው እዚህ ላይ ደስ ይለው ይሆናል። ሆኖም ጣራ መለወጥ ቆርቆሮ መግዛት ብቻ አይደለም። አሮጌው ይነቀላል፤ አናጺ ይከፈለዋል፤ ሲያፈስ የበሰበሰው ማገርና ኮርኒስ ይለወጣል። ለዚህ ሁሉ በእያንዳንዱ ጊዜ 40 ሺህ ብር ቢጨመር፣ በዚያው በመቶ 10 ወለድ ድምሩ ወደ 175 ሺህ ብር ወጥቶ ከወፍራሙ ይበልጣል። ከዚህም በላይ የቆርቆሮ ዋጋና የሠራተኛ ደመወዝ በየዓመቱ ከወለዱ እኩል እየናረ ከሄደ፣ የወለዱ ጥቅም ተበልቶ ያልቃል፤ ሒሳቡ 100 እና 140 እና 140 ሆኖ 380 ሺህ ብር ይደርሳል። በኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በመቶ ከ30 በላይ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው፣ ይህ የመጨረሻው ስሌት ለወሬ ያህል የቀረበ አለመሆኑን ይረዳዋል። ስለ ወፍራሙም ስለ ስሱም አስቀድሞ መማል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ተቀምጦ መቍጠር ነው። በዝናብ ምክንያት ትምህርት ሳይማሩ የቀሩ ሕፃናት ግን በየትኛውም ዓምድ አልተጻፉም፤ እነርሱን በብር የሚተምን ሰው አልተገኘም።

መሣሪያን በተመለከተ ነገሩ ከጣራም ይብሳል። ጣራ በመኖሩ አይበላም፤ ሞተር ግን ይበላል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሠርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣው፣ ሕዝቡም የሠርኪስ ባቡር ያለው የእንፋሎት መንገድ መዳመጫ ወደ አገር ሲገባ ሰው የተደነቀው በጉልበቱ ነበር፤ ለሚሠራበት ለእያንዳንዱ ቀን ግን እሳትና ውሃ፣ የሚያውቀውም ሰው ማዘጋጀት ግድ ነበር። የዛሬውም ፓምፕ እንዲሁ ነው። 10 ኪሎ ዋት የሚስብ ፓምፕ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ በዓመት 24 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበላል፤ በ10 ዓመት 240 ሺህ ይሆናል። ያንኑ ውሃ በ8 ኪሎ ዋት ተኩል የሚስብ የተሻለ ፓምፕ ቢገዛ በ10 ዓመት 36 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ያተርፋል። ገዢው ይህን በታሪፉ አባዝቶ በሁለቱ ፓምፖች መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት ጋር ማስተያየት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። በትንሹም ነገር ቢታይ፣ አሮጌው ዓይነት ባለ 60 ዋት አምፖል አንድ ሺህ ሰዓት ያህል አብርቶ ይቃጠላል፤ 9 ዋት የሚስበው ኤል ኢ ዲ አምፖል ደግሞ ተቀራራቢ ብርሃን እየሰጠ እስከ 15 ሺህ ሰዓት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሮጌው ዓይነት 15 አምፖልና 900 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲፈጅ፣ አዲሱ አንድ አምፖልና 135 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል።

መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ ደግሞ በብር ቢገዛም የሚኖረው በውጭ ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት በተለወጠ ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ዓመት ጄኔሬተር የነበረው መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ጄኔሬተሩን ምንም ሳይነካው፣ የዕድሜ ልክ ወጪው በአንድ ክረምት ጨምሮበታል። ስለሆነም ሁለት መሣሪያዎች በዋጋና በጉልበት ቢመሳሰሉ፣ መለዋወጫው በአዲስ አበባ የሚገኘውን፣ የአምቦ መካኒክም ፈትቶ መግጠም የሚችለውን መምረጥ ብልኅነት ነው። በበጎ አድራጊዎች የሚሰጥ መሣሪያም ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም፤ ነጻ የሆነው የግዢው ዋጋ ብቻ ነው። በምርቃት ቀን የሚነሣው ፎቶግራፍ አራተኛውን ዓመት አያሳይም።

እዚህ ላይ በአካባቢው ያለው ሀብት ሊታሰብ ይገባል። የአምቦ ድንጋይ በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ላይ ሳይቀር ተጠርቦ ይለበጣል፤ ሲሚንቶም ቢሆን ከዞኑ ከዓደዓ በርጋ ወረዳ ይወጣል፤ የሙገር ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የዳንጎቴ ፋብሪካ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. ተመርቋል። ተጠርቦ የተገነባ ጥሩ ድንጋይ በየጊዜው ቀለም አይጠይቅም፤ ልስኑም አይረግፍም። ጠራቢው የሚቀበለው ገንዘብ በዚያው በከተማው ገበያ ይውላል። ድንጋዩ ሁሉ ግን አንድ አይደለምና፣ ለስላሳው በዝናብና በፀሓይ ይሸረሸራል፤ ጠራቢዎቹ ይህን በመዶሻ ድምፅ ይለዩታል። በመረሬ አፈር ላይ ደግሞ ከባድ የድንጋይ ግድግዳ ያለ ጥልቅ መሠረት ማቆም አይገባም። ከውጭ በሚመጣ ዕቃ አዲስነት ተስቦ በጓሮ ያለውን ሳይመዝኑ ማለፍ ግን ሒሳብ አለማወቅ ነው።

መጨረሻው ሳይታሰብ የተጀመረ ሥራ ምን እንደሚያመጣ በላሊበላ ታይቷል። ከዓለቱ የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ ለመጠበቅ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ትላልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉባቸው። መጠለያዎቹ ለጊዜው ተብለው የተሠሩ ነበሩ። ለጊዜው የተባለው ጊዜ ሲያልፍ ግን ማን፣ በምን ገንዘብ፣ እንዴት እንደሚያነሣቸው የተዘጋጀ ነገር አልነበረም። ካህናቱና ሕዝቡ ክብደቱ በቅርሱ ላይ ጉዳት ያመጣል ብለው ሠጉ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያም የከተማው ሰው አቤቱታውን በሰልፍ አሰማ። ማንሣት ከመትከል የሚከብድበት ጊዜ እንዳለ ይህ ያስተምራል። በአምቦም ሆነ በአዲስ ዓለም በአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ላይ የብረት ጣራ ወይም የአርማታ ጭማሪ ለመሥራት የሚያስብ የሰበካ ጉባኤ፣ መሐንዲሱን ስለ መትከያው ብቻ ሳይሆን ስለ ማንሻውም ሊጠይቀው ይገባል።

ይህ ሁሉ የታወቀ ከሆነ ስለ ምን አይደረግም ቢባል፣ ምክንያቱ የሹማምንት አለማወቅ ብቻ አይደለም። የመንግሥት ገንዘብ በሁለት ከረጢት ይቀመጣል። ሕንፃ የሚሠራው ከካፒታል በጀት፣ ጥገናውና መብራቱ የሚከፈለው ከመደበኛ በጀት ነው። ከመጀመሪያው ከረጢት ላይ የቈጠበ ሹም ይመሰገናል፤ ቍጠባው ከሁለተኛው ከረጢት ላይ እጥፍ ሆኖ ሲወጣ ግን ማንም ሁለቱን አያገናኛቸውም። በዚህ ላይ የኦዲተር ፍርሃት ይጨመራል። ዝቅተኛውን ዋጋ የመረጠ የጨረታ ኮሚቴ ምንም ጥያቄ አይነሣበትም፤ ከፍ ያለውን የመረጠ ግን በየደረጃው መልስ ሲሰጥ ይኖራል። ሕጉ ራሱ ይህን አላዘዘም። በ2001 ዓ.ም. የወጣውና ከጊዜ በኋላ በሌላ የተተካው የፌዴራል መንግሥት የግዢና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 649 ለወጣው ገንዘብ ተመጣጣኝ ጥቅም መገኘት እንዳለበት በመርሕነት አስቀምጦ፣ በጨረታ ሰነዱ ላይ አስቀድሞ የተገለጸ ሌላ መመዘኛ ካለም በዚያ እንዲገመገም ፈቅዶ ነበር። ዋናው ቃል አስቀድሞ የተገለጸ የሚለው ነው። ጨረታው ከተከፈተ በኋላ ስለ ዕቃው ዕድሜ ማውራት አድልዎ ይሆናል፤ ከመከፈቱ በፊት በሰነዱ ላይ የ20 ወይም የ30 ዓመት ወጪ የሚሞላበት ዓምድ ማስቀመጥ ግን ሕጋዊ ሥራ ነው።

ተቃራኒው አሳብም ሊሰማ ይገባል። ይህ ሒሳብ ለሌባ አዲስ በር ይከፍታል የሚሉ አሉ፤ ሐሰትም አይደለም። ውድ ዕቃ ሊያስገዛ የፈለገ ሰው፣ ይህ 50 ዓመት ይኖራል የሚል ያማረ ወረቀት ከአቅራቢው ያስጽፋል፤ 50 ዓመት ቆይቶ የሚፈትነውም የለም። ስለዚህ ስለ ዕድሜ የሚነገር ቃል በዋስትና ካልታሰረ ሊቈጠር አይገባም። ሌላው ተቃውሞ የድህነት ነው። በእጁ 100 ሺህ ብር ብቻ ላለው ደብር የ160 ሺህ ብር ጣራ ይረክሳል ብሎ መንገር ምን ይጠቅመዋል? ለእርሱ ምናልባት የሚሻለው በዚህ ዓመት ቤተ መቅደሱን በወፍራሙ ከድኖ፣ ዕቃ ቤቱን ለከርሞ ማቆየት ነው፤ ወይም ስሱን ገዝቶ በየዓመቱ ለመለወጫ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለብቻው ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው መንገድ ገንዘቡን የሚጠብቅ ታማኝ ሰው ይፈልጋል። ሦስተኛው መንገድ፣ ስሱን ገዝቶ ምንም አለማስቀመጥ፣ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እርሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው እንቅፋት ግን የመረጃ ማጣት ነው። በአምቦ 32 ቍጥር ቆርቆሮ ስንት ክረምት ይቆያል? በጉደር የተተከለ ፓምፕ በስንት ዓመቱ ይፈታል? መልሱ በባህር ማዶ መጽሐፍ አይገኝም፤ ያ መጽሐፍ የተጻፈው ለሌላ ዝናብ ነው። መልሱ ያለው በየመሥሪያ ቤቱ በተበተነ ደረሰኝና በጥበቃው ትዝታ ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳቷን በመዝገብ ጽፋ፣ አንዱ አስተዳዳሪ ለሌላው ሲያስረክብ ጽዋውንና መስቀሉን ቈጥሮ ያስረክባል። ጣራውና ቧንቧው ግን በዚያ መዝገብ ላይ የሉም። ለእያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ደብተር ተከፍቶ፣ ቆርቆሮው የተመታበት ቀን፣ የጌጅ ቍጥሩ፣ የአቅራቢው ስም፣ መጀመሪያ ያፈሰሰበት ክረምት፣ ለጥገና የወጣው ብር ቢጻፍበት፣ ሹም ሲለወጥም በፊርማ ቢረካከቡበት፣ ከ10 ዓመት በኋላ የምዕራብ ሸዋ ዞን በአገሪቱ ያልተገኘ ሀብት ይኖረዋል። በ1939 ዓ.ም. በግብርና ትምህርት ቤትነት የተጀመረው የዛሬው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች አሉት፤ ደብተሮቹን ሰብስቦ ሒሳቡን ማውጣት ለእነርሱ የሚገባ የመመረቂያ ጥናት ነው።

ለዚህ ሥራ ወሩም ሊታሰብበት ይገባል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ አዲሱ የጥገና ገንዘብ ተፈቅዶ ወደ ወረዳ እስኪወርድ ክረምቱ ይጋመሳል። በሰኔ ደግሞ የተረፈው በጀት እንዳይመለስ ተብሎ የሚደረገው የችኮላ ግዢ አለ፤ ውፍረቱ ያልተጻፈ ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ የሚገዛው በዚያን ወር ነው። አሸንዳን ለመጥረግ፣ የላላውን ሚስማር ለመምታት፣ የዛገውን ለመቀባት ግን የሚመቸው ግንቦት ነው፤ ዋናው ክረምት ገና አልገባም፣ ከአሮጌውም በጀት ጥቂት ብር ሳይቀር አይቀርም። በሰኔ ለአዲስ ቆርቆሮ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ በግንቦት ለመሰላልና ለአንድ አናጺ የሁለት ቀን ደመወዝ ቢውል፣ የብዙው ትምህርት ቤት ጣራ የሚቀጥለውን ክረምት ሳያፈስ ያልፋል።